መካኒክ ሲያይ የሚድን ሽማግሌ

ከአባቴ የወረስኩት ተንቀሳቃሽ ንብረት አንድ ላንድሮቨር ብቻ ነው፤ ተንቀሳቃሽነቱም እንደ ቀኑ ነው። የ1974 ሞዴል፣ ሲሪስ 3፣ አጭሩ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ቤንዚን። ቤተሰቡ «ሽማግሌው» ይለዋል። ገላው አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ዝገቱ ሁሉ ሻንሲው ላይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና፣ ከሥር ሲያዩት ኑዛዜ የሚያስፈልገው።

እናቴ ስትሳፈር ቦታዋ ጋቢና፣ በቀኝ በኩል ነው። የቤንዚን ታንኩ ደግሞ በትክክል ከዚያ ወንበር ሥር ነው የተቀበረው። ስለዚህ እማዬ ደብረ ብርሃን ድረስ 45 ሊትር በሚይዝ ታንክ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች ማለት ነው። ቤንዚኑ ይሸታታል። መስኮት ክፈቺ እንዳትሏት፣ ንፋስ ይመታታል። እሷ ዘንድ ከአንበሳ ይልቅ የሚፈራው በስንጥቅ የሚገባ ንፋስ ነው። ደግነቱ ሽታውን ነሐሴ ላይ በራሴ ብልሃት አጥፍቼላታለሁ፤ መርቃኛለች።

መስከረም ላይ ሽማግሌው ታመመ።

ለገጣፎን በሰላም ያልፋል። ሰንዳፋ ሲቃረብ አንዴ ያስላል። ከዚያ ያነጥሳል። ከዚያ ቤንዚን ስሰጠው እንቢ ይላል፤ ሞተሩ እንደ ወባ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል፤ ከኋላ ያለው አይሱዙ ጥሩምባውን ይለቅብናል። ዳር ይዤ አቆማለሁ። የቤንዚን መለኪያው ከደርግ ጊዜ ጀምሮ «ባዶ» ላይ ስለተኛ፣ ወርጄ የታንኩን ክዳን ከፍቼ ከወንበር ኋላ የማስቀምጣትን የቀርከሃ ዘንግ እሰዳለሁ። አውጥቼ አያታለሁ፤ እስከ ግማሿ ረጥባለች። ቤንዚንማ አለ! ክዳኑን ዘግቼ ቁልፉን ስጠመዝዝ፣ እንደ ሠርግ ሚዜ እየጨፈረ ይነሳል። እስከ አለልቱ ድረስ ምንም እንዳልተፈጠረ ይጋልባል።

«ምች ነው» አለች እማዬ። «በጠዋት ሳታሞቀው ፀሐይ ላይ አወጣኸው።»

«ዳማከሴ ልቀባው?»

ቀልዴ መሆኑን አላወቀችም። ትንሽ አሰበችና «ፊቱን» አለች።

ልጅ ሌሊቱን ትኩሳት ሲያቃጥለው ያድርና ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ኳስ ካልገዛችሁልኝ ይላል። ሽማግሌውም እንደዚያ ነው። ጋራዥ ሲገባ ሚኒሞው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ አንድ ሳል የለም። መካኒኩ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጥና ቀና ብሎ እኔን ያየኛል፤ በሽተኛው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ይመስላል።

የመጀመሪያው መካኒክ የካንዴላ ሰው ነበር። አራቱንም ነቅሎ ጥላሸት የለበሱትን ጫፎቻቸውን አሳየኝ። «አዩት ጋሼ? ታፍኖ ነው።» እውነትም ጠቁረዋል። ግን አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተቃኘ ካርቦራቶር እዚህ ሲመጣ ቤንዚኑን ያበዛና ካንዴላውን ያጠቁረዋል። አራት አዲስ ካንዴላ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰፈር ውስጥ ስነዳው ደህና ነበር። እሁድ ሰንዳፋ ላይ አነጠሰ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሰው ነው፤ እሱን እስካሁን አከብረዋለሁ። «ኮንደንሰር ነው» አለኝ። «ብርድ ሲሆን ደህና ነው፤ ሲሞቅ ይሞታል፤ አቁመኸው ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ለዚህ ነው እኔ ፊት የማያመው።» እንዲህ ያለ ውብ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። ከኔ መኪና ጠባይ ጋር ቃል በቃል ይገጥማል። ኮንደንሰሩን ቀየረ፤ ፑንቲናውንም ቀየረና ክፍተቱን 0.4 ሚሊ ሜትር በሆነች ስስ ብረት ለካ። ዓይኑን ጨፍኖ ብረቷን በጣቶቹ እየሳበ፣ ክራር የሚቃኝ ነበር የሚመስለው። ከፈልኩ። እሁድ፣ ሰንዳፋ።

ሦስተኛው ካርቦራቶሩን ጋዜጣ ላይ በትኖ አጠበ፤ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋ፤ ቤንዚኑን በምላሱ ቀመሰና ተፋው። «ውሃ አለበት፤ ሌላ ቤንዚን ጢም አድርገው ይሙሉ» አለኝ። አስደፍቼ ጢም አድርጌ ሞላሁ። የዚያን ዕለት ሰንዳፋንም አላየንም፤ ገና ለገጣፎ ላይ አቃሰተ። ታንኩ ጎዶሎ ሲሆን ረጅም መንገድ የሚችል፣ ሲጠግብ ግን ቶሎ የሚታመም ሞተር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔም የሰውን ጠባይ እያሰብኩ ተገረምኩ እንጂ ነገሩን አልመረመርኩትም።

የአክስቴ ልጅ የተሞሸረች ቀን እንደ ልማዱ ሰንዳፋን አለፍ ብለን ቆምን። እማዬ በዚያ ቀን በሽተኛውን በዓይኔ ካላየሁ ብላ ወረደች፤ በሐበሻ ቀሚሷ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። አንድ አይሱዙም ቆመልንና ረዳቱ ዘሎ ወረደ፤ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ ልጅ። ክዳኑን ፈታ ሳደርገው «እስስስ» አለ። ይህን ድምፅ ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚለው፣ የታመቀ ሽታ ሲወጣ ነው ብዬ ነበር። አጠገቤ የቆመችው እማዬ የነጠላዋ ዘርፍ ግን ተነሣና ወደ ታንኩ አፍ ተሳበ። ወደ ውጭ አይደለም፤ ወደ ውስጥ።

«ኧረ ነጠላዬን ሊበላው ነው!»

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ክዳኑን እስቲ ይስጡኝ።» ገለበጠው። በውስጡ በኩል፣ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠች፣ ክብ፣ ጥቁር ጎማ ተለጥፋለች። ጠርዟ በምላጭ ተስተካክሏል፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን መርፌ የማታሳልፍ መተንፈሻ ቀዳዳ ጥርቅም አድርጋ ዘግታዋለች።

«ይሄን ማነው የሠራው?»

እኔ አስፋልቱን አየሁ።

«እሱ ነው!» አለች እማዬ፣ በኩራት። «በእጁ ነው የሠራው። ሽታው እንዳያስቸግረኝ ብሎ። ልጄ እጁ ወርቅ ነው።»

ልጁ ለእሷ ክብር ሲል ሳቁን ዋጠ። ፖምፓው ቤንዚን በሳበ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። ካልገባ፣ የውሃ ፕላስቲክ ከአፍ ሳያላቅቁ ሲመጡት ጉንጩ እንደሚሰረጉደው፣ ታንኩ ቤንዚኑን ወደ ራሱ ይጎትታል፤ ፖምፓው ይሸነፋል። ታንኩ ሲሞላ ከላይ የሚቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ይከራል። ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ወዲያው ይድናል። እኔ ዘንጌን ለመስደድ በከፈትኩ ቁጥር ሳክመው ኖሬያለሁ። ሦስቱም መካኒኮች ሥራ ሲጀምሩ «ቤንዚን አለው?» ብለው ክዳኑን ከፍተዋል፤ እንግዲህ ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለማስከፈት ነበር።

ልጁ ጎማዋን በካቻቪቴ ፈልቅቆ መዳፌ ላይ አኖራት። ገንዘብ ብሰጠው አልቀበልም አለ።

ቀሪውን መንገድ ሽማግሌው አንዴም አላሳለም። ሸኖ ስንደርስ ሽታው ጋቢናውን ሞልቶት፣ እማዬ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናለች።

«ምን ሆኖ ነው አለህ ልጁ?»

«ንፋስ አጥቶ ነው።»

ዞራ ረጅም አየችኝ። «ንፋስ መድኃኒት የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችና፣ በስተቀኟ ጣት የምታህል ክፍተት የቀረችውን መስኮት ገፍታ ዘጋችው።