ሁኔታዎ ሲለወጥ ይመለሱ

«ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ብቻ ነው» እየተባልን ያደግን ሁሉ ትምህርታችንን ሳናርም የምንቀር አይመስለኝም፤ በአዲስ አበባ ከአንድ ኤምባሲ መስታወት በስተጀርባ የተቀመጠ፣ ጢሙን መላጨት ገና የጀመረ ወጣት ቆንስል፣ ሰባ ዘመን ያለፋቸውን አንዲት የመካነ ሰላም እናት በሦስት ደቂቃ መርምሮ፣ እሳቸው ራሳቸው እንኳ የማያውቁትን ስውር ሐሳባቸውን፣ ይኸውም ከሄዱ እንደማይመለሱ፣ ገልጦ ለማየት ይቻለዋልና። ይህን ጸጋ የሚያማው ሰው ስለ በዛ፣ እኔ ጥቂት ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

ለምስጋናው አብነት ይሆኑን ዘንድ እኒያን እናት በሐሳባችን እንከተላቸው። ልጃቸው በባሕር ማዶ ወልዳለች። እሳቸውም እንደ አገሩ ወግ አራሷን ሊያርሱ፣ በሶውንና ሽሮውን፣ የገንፎውን ዱቄትና የነጠረውን ቅቤ ቋጥረው፣ ብርድ አጥንት ከሚሰብርበት ከወሎ ቦረና ደጋ ተነሥተው፣ በአቀስታ አድርገው ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ገብተው፣ እርፍ እንደያዘ እጅ የሻከረውን ጣታቸውን ለአሻራ ሰጥተው፣ ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። አስተርጓሚውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ፣ አልተፈቀደም፤ ሁኔታዎ ሲለወጥ ተመልሰው ያመልክቱ» አላቸው።

የብያኔው መሠረት ጽኑ ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በ214ኛው አንቀጽ «ለ» ፊደል፣ ለጉብኝት የሚመጣ ሁሉ ቆንስሉን እስኪያሳምን ድረስ ሊቀር የመጣ ነው ብሎ ይገምታል። በእኛ የዋርካ ጥላ ችሎት ምስክር የሚቆጥረው ከሳሽ ነበር፤ እነሆ በሠለጠነው ዓለም ግን ተከሳሹ፣ ያልሠራውን ቀርቶ ገና ያላሰበውን ኀጢአት ወደ ፊት እንደማይሠራ ምስክር ይቆጥር ዘንድ ታዘዘ። ይግባኝ የለውም። እንግሊዝም ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ የተከለከለ ሰው የነበረውን የይግባኝ መብት እ.ኤ.አ. በ2013 ስላነሣች፣ በሁለቱም ደጃፍ የቀረው መንገድ እንደገና ከፍሎ እንደገና ማመልከት ነው። የአሜሪካው ክፍያ 185 ዶላር ሲሆን፣ ተፈቀደም ተከለከለም ተመላሽ አይደለም፤ መቅረቱ ያለ ጥርጥር የሚታወቅ ነገር ቢኖር ይህ ገንዘብ ብቻ ነው። ታቦቶቻችን በዚህ ረገድ የንግድ ዕውቀት ይጐድላቸዋል፤ ስለት የሚገባው ልመና ሲሰምር እንጂ፣ ልመናው ላልሰመረለት ሰው ጃንጥላውን አስገብተህ ሂድ የሚል ቄስ አላየንም።

የዚህ ሁሉ ጥበብ አክሊሉ ግን «ሁኔታዎ ሲለወጥ» የሚለው ቃል ነው። ጐልማሳ ሥራ ይይዛል፣ ያገባል፣ ቤት ይሠራል፤ ሁኔታውም ይለወጥለታል። የእኒህ እናት የመመለሳቸው ዋስትና ግን ምንም ነገራቸው አለመለወጡ ነው። ያው ምድጃ፣ ያው ሰንበቴ፣ ያው ጥማድ በሬ፣ ያው የመሬት ይዞታ ደብተር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርም የባላቸው መቃብርና ከጐኑ ለእሳቸው የተተወው ስፍራ። በአገራቸው በደንቆሮ ጫካ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ደጋውን ትቶ በረሓ ወርዶ ይቀራል ብሎ የሚሰጋ የአራዊት ሊቅ የለም። እሳቸው ግን ሳይለወጡ ቢቀርቡ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ይባላሉ፤ በሬውን ሸጠው፣ ከሰንበቴው ወጥተው ቢቀርቡ ደግሞ «አልጠረጠርንም ነበርን?» ይባላል።

በዚህ ጭንቅ መካከል መልአክ ሆኖ የሚደርስ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። እሱ ሰውን መለወጥ ባይችል ወረቀትን መለወጥ ያውቅበታል፤ በብድር ገንዘብ የባንኩን ደብተር ለአንድ ወር ያሰባዋል፣ ጐጆውን በወረቀት ላይ ቪላ ያደርገዋል፣ «ስንት ቀን ይቆያሉ?» ሲባሉ «እግዜር እንዳለ» እንዳይሉ ያስጠናቸዋል። ውሸትን የሚፈራው ሕግ እንዲህ አድርጎ ከንስሓ አባታቸው ፊት እንኳ ዋሽተው የማያውቁትን አሮጊት ውሸት አስተማረ። ፎርሙንም ይሞላላቸዋል። ሽብር ፈጽመው፣ ሰልለው፣ በዘር ፍጅት ተካፍለው እንደሆነ ይጠየቃሉ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የተገለገሉባቸውን ማኅበራዊ ገጾች እንዲዘረዝሩ ሲጠየቁ፣ «ማኅበርስ አለኝ፤ በየወሩ በ21 የማርያምን ጽዋ እንጠጣለን» ብለው ደስ እያላቸው መለሱ። እሱም «የለም» ብሎ ጻፈ።

በመጀመሪያው ማመልከቻ የጉዞው ምክንያት አራስ ማረስ ነበር፤ በሁለተኛው ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና መነሣቷ ሆነ፤ በሦስተኛው ሕፃኗ ጥርስ አብቅላ በስልክ መስታወት ውስጥ «አያቴ» ማለት ጀመረች። በእናትየው በኩል የተለወጠው ሁኔታ የጉልበታቸው ቁርጥማት ብቻ ነው፤ ለዚህም በፎርሙ ላይ ቦታ አልተተወለትም።

በመስኮቱ ወዲያ ያሉትን ሰዎች እንዲህ ጠንቃቃ ያደረጋቸው ምናልባት ታሪክ ይሆናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ በማጣቱ ምን እንደ ተከተለ ይታወቃል፤ ዛሬ ግን ተመስገን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የታተመ መልስ ስለሚሰጥ ማንም ያለ መልስ አይቀርም። በ1860 ዓ.ም. 13,000 ያህል የእንግሊዝ ጦር ዝሆን ሳይቀር እየነዳ በዚሁ በወሎ ደጋ ወደ መቅደላ ሲወጣ፣ የግብዣ ደብዳቤና የባንክ መግለጫ አምጣ ያለው አልነበረም። እርግጥ ነው፣ እሱ ተመልሷል፤ የመቅደላን መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ጭኖ ተመልሷል። ከጭነቱ ጋር የሄደው የሰባት ዓመቱ የቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን አልተመለሰም፤ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንድዘር ተቀበረ። ዐፅሙ ለአገሩ ይብቃ ተብሎ ሲለመን፣ ቤተ መንግሥቱ በ2015 ዓ.ም. በአጠገቡ ያረፉትን ያውካል ሲል ከለከለ። እንግዲህ ከወሎ ደጋ የሄደ አይመለስም ለሚል ሰው አንድ ማስረጃ በእጁ አለ፤ እንዳይመለስ የከለከለው ማን እንደሆነ ብቻ ከመዝገቡ ይመልከት።

እኒያ እናት ሦስት ጊዜ ሄደው ሦስት ጊዜ ተከለከሉ፤ ሦስት ጊዜም የተቋጠረውን ቅቤ ይዘው መካነ ሰላም ገቡ። የሰንበቴ ጓደኞቻቸው ከበው፣ «ምን አሉሽ እቴ?» ቢሏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እየተቀመጡ፣ «ተመለሺ አሉኝ፤ ይኸው ተመለስኩ» አሉ።