«በጣም ቢዚ ነኝ»፦ በጋዜጠኝነት ተማሪ ሳምንት ላይ የተካሄደ ጥናት

የጋዜጠኝነት ተማሪ በአገራችን በቂ ጥናት ካልተደረገባቸው ፍጥረታት አንዱ ነው። ስለ ዋልያና ስለ ቀይ ቀበሮ ብዙ ተጽፏል። ስለ እሱ ግን ከእናቱ በቀር የጠየቀ የለም፤ እሳቸውም የሚጠይቁት «መቼ ነው በቴሌቪዥን የምናይህ?» ብለው ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ጊዜው ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት፣ ዘዴው ምልከታ ነው። ተጠኚው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ዶርም የሚያድር፣ ካፌ የሚመገብ ወጣት ነው። ስሙን የጥናት ሥነ ምግባር ስለማይፈቅድ አንገልጽም፤ ብንገልጸው ግን ደስ ይለው ነበር።

ተጠኚው ለእናቱም፣ ለፍቅረኛውም፣ ብር ላበደረው የዶርም ጓደኛውም የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «በዚህ ሳምንት በጣም ቢዚ ነኝ።» ጥናቱ የሚመረምረው ይህንኑ ነው። ሰውየው ቢዚ ስለመሆኑ ጥርጥር የለንም። የማናውቀው በምን እንደሆነ ነው።

ሰኞ ጠዋት የኢትዮጵያ ፕሬስ ታሪክ ትምህርት አለ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ ያዘጋጀው የነበረው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሠራጭ እንደነበር መምህሩ ሲናገሩ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። የሳቀው ተጠኚው ነው። መምህሩ ቀጥለው የሳምንቱን አሳይመንት ሰጡ፤ 400 ቃላት ያለው ዜና፣ ሦስት የሰው ምንጮች፣ ከሦስቱ አንዱ የግድ የመንግሥት ኃላፊ፣ ዴድላይኑ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት። ሳቁ ቆመ።

በጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዘንድ የዜና ርዕሶች ሦስት ናቸው፦ የታክሲ ሰልፍ፣ የውኃ መጥፋትና የጎዳና ላይ ንግድ። ተጠኚው የታክሲ ሰልፍን መረጠ። ውሳኔው በጥልቅ የዜና ግምገማ ላይ የተመሠረተ ነው ብለን ለመጻፍ ተዘጋጅተን ነበር፤ በኋላ ግን ሰልፉ ዘንድ ለመድረስ የትራንስፖርት ወጪ እንደማያስፈልግ አስተዋልን።

ማክሰኞ የሚዲያ ሕግ ነው። ተጠኚው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 እና የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ ማለትም ቁጥር 590/2000ን፣ በደብተሩ ገልብጦ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረ። አዋጁ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሰዓት በኋላ መብቱን ይዞ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደ። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ «ማን ቀጥሮህ ነው?» አሉት። አዋጁን ከነቁጥሩ ጠቀሰላቸው። ጥበቃው በትዕግሥት አዳመጡትና «ጥሩ ነው፤ ደብዳቤ ግን ያስፈልጋል» አሉ። እዚህ ላይ አንድ የሕግ ነጥብ ማንሳት ይገባል። አዋጁ መሥሪያ ቤቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ዴድላይኑ ዓርብ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ ሕጉን አንድ ፊደል ሳያጓድል ቢያከብር እንኳ ተጠኚው ኮርሱን ይወድቃል።

የትብብር ደብዳቤ የሚባለው ሰነድ ለብቻው ጥናት ቢሠራበት ይገባዋል። የሚጀመረው በማመልከቻ ነው። ማመልከቻው በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይመራል፤ የተመራውን ጸሐፊዋ ይተይባሉ፤ የተተየበው እንዳይታተም መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። ኃላፊው ከስብሰባ ወጥተው ሲፈርሙ ወረቀቱ ቁጥር ለመያዝ መዝገብ ቤት ይወርዳል፤ ቁጥር የያዘው ማኅተም ለማስመታት ተመልሶ ይወጣል። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የመሳቢያው ቁልፍ ሰው ጋ ነው፤ ሰውየው ለቅሶ ሄደዋል። ተጠኚው ረቡዕን በሙሉ ኮሪደሩ ላይ እንደቆመ አሳለፈ። እናቱ በደወሉ ጊዜ «ሥራ ላይ ነኝ» ያላቸው እውነቱን ነው።

ደብዳቤው በመጨረሻ ወጣ። አየነው። «ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግለት ስለመጠየቅ» ይልና ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግ፣ ከየት እንደተላከ፣ በስንት ቀን እንደተጻፈና ለምን እንደሆነ በአራት መስመር ይዘረዝራል። ተጠኚው እስከ ዛሬ ካስረከባቸው ዜናዎች ሁሉ ይልቅ መሠረታዊ ጥያቄዎችን አሟልቶ የመለሰ ጽሑፍ ይህ ነው። የጻፉት ግን ጸሐፊዋ ናቸው።

በዚሁ ምሽት የግሩፕ ሥራም ነበር፤ የሬዲዮ ፕሮግራም። የግሩፕ ሥራን አንባቢ ስለሚያውቀው አናሰለችም፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ «እኔ ኤዲት አደርገዋለሁ» ይላል፣ የተቀሩት ሽፋኑ ላይ ስማቸው በትክክል መጻፉን ያረጋግጣሉ። ስቱዲዮው ወረፋ ስለነበረው ቀረጻው የተካሄደው ዶርም ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ሥር ነው። ተጠኚው ስልኩን በአንድ እጁ፣ የጽሑፉን ወረቀት በጥርሱ ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ «ጤና ይስጥልን የተከበራችሁ አድማጮቻችን» ሲል ከውጭ «ሻምፖዬን ማን ወሰደ?» የሚል ድምፅ ገባ። ድምፁ አልተቆረጠም። ሪፖርቱ ላይ «ናቹራል ሳውንድ» ተብሎ ተመዝግቧል።

ሐሙስ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ቀን ነው። ቦታው አራት ኪሎ፣ በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ያልራቀ ሰልፍ ነበር። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቴሌቪዥን ነው እንዴ?» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ የትምህርት ቤት ሥራ መሆኑን ሲሰሙ ሳይከፋቸው መርቀውት ፊታቸውን ወደ ሰልፉ መለሱ። ምርቃት ምንጭ ሆኖ አይቆጠርም። አንድ ወጣት «ፖለቲካ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ አይደለም ሲባል «እንደሱማ ከሆነ ምን ያደርግልሃል?» አለው። አንድ ጎልማሳ ግን ስለ ነዳጅ፣ ስለ ስምሪት፣ ስለ ተራ አስከባሪዎች በሚገባ አብራሩ። ተጠኚው በደስታ ጽፎ ጽፎ ስማቸውን ሲጠይቅ ታክሲው መጣ። በዚያ ሰልፍ ላይ ታክሲ በፍጥነት የመጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በዚያ አካባቢ ድሮ ጋዜጣ እየተከራየ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው ይበዛ ነበር፤ አሁን ተመናምኗል። የቀሩትም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚገልጡት የክፍት የሥራ ቦታ ገጹን ነው። ተጠኚው ይህን በማስታወሻው አልያዘውም፤ ርዕሱ የታክሲ ሰልፍ ነውና። ከተመረቀ በኋላ እሱም ገጹን እየገለጠ እዚያው እንደሚቀመጥ ስለምናውቅ አላስቸገርነውም።

ዜናው የተጻፈው ሐሙስ ሌሊት ነው። መግቢያው «በአዲስ አበባ የታክሲ እጥረት ነዋሪዎችን ለእንግልት መዳረጉ ተገለጸ» ይላል። ማን እንደገለጸው አልተገለጸም። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ የአካባቢው ነዋሪ» ይመጣሉ። ባደረግነው ማጣራት እኚህ ነዋሪ ከተጠኚው አልጋ በላይ ያለው አልጋ ላይ የሚተኛው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሆነው ተገኝተዋል፤ አስተያየታቸውን የሰጡትም ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ መብራቱ ይጥፋልኝ በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። ኃላፊውን በሚመለከት ደግሞ ዜናው እንዲህ ብሎ ይዘጋል፦ «ከሚመለከተው አካል ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም።»

ጽሑፉ ዓርብ ተሰጠ፤ ማክሰኞ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰ። «ተገለጸ» የምትለው ላይ «በማን?» ተብሏል፤ ነዋሪው ላይ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። መምህሩ ምንም ያልጻፉበት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የመጨረሻው ነው። የጥናቱ ዋና ግኝትም ይኸው ነው። ማመልከቻው፣ መብራቱ፣ ማኅተሙ፣ ለቅሶው፣ ጥበቃው ሁሉ ያሉት «ጥረት» በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ተጠኚው በሙሉ ልቡ ሊመሰክርለት የሚችለው፣ ራሱ በቦታው ተገኝቶ ያጣራው ሐቅም እሱ ብቻ ነው። የዜናው ጠቅላላ አንባቢ አንድ መምህር ናቸው፤ «አእምሮ» በእጅ በሚጻፍበት ዘመን እንኳ 24 እጥፍ ይበልጠዋል።

የተጠኚው ቀጣይ አሳይመንት የውኃ መጥፋት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ ደብተር የያዘ ወጣት ላብ በላብ ሆኖ ቢያስቆምዎ ሙሉ ስምዎን፣ ዕድሜዎንና ሥራዎን አስቀድመው ይንገሩት። አስተያየቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ታክሲውም ቢመጣ ሌላ አለ።