የአርብ ሽርሽር በ6ኛ ኦክቶበር፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ትዝታ የአሮጌ ከተማ ምርት ነው የሚለው አመለካከት በሊቃውንት ዘንድ ያለ ብዙ ክርክር ሲሠራበት ቆይቷል። ጎንደር ይናፈቃል፤ ሐረር ይናፈቃል፤ ገና ሊፍቱ ያልተገጠመለት ኮንዶሚኒየም ግን አይናፈቅም ይባላል። ይህ ጥናት አመለካከቱን የሚፈትነው ከመሀል ካይሮ በስተምዕራብ 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በፕሬዚዳንት ሳዳት ውሳኔ በረሃ ላይ በተቆረቆረችው በ6ኛ ኦክቶበር ከተማ ነው። ከተማዋ ከአንዳንድ ናፋቂዎቿ በዕድሜ ታንሳለች። ያም ሆኖ ጸጉሩ ገና ያልሸበተ ጎልማሳ ቡና ቤት ቁጭ ብሎ፣ ሺሻውን ስቦ፣ «ኦክቶበርማ ድሮ ቀረ» ይላል። ድሮ የተባለው 1990ዎቹ ነው።

በመጀመሪያ የስሙ ጉዳይ ይጥራ። መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. የግብፅ ጦር የስዊዝ ቦይን ተሻገረ። ቀኑ በፈረንጅ ኦክቶበር 6፣ በሂጅራ ረመዳን 10 ነበር። ግብፃውያን አንዷን ቀን በሁለት ካላንደር ቆጥረው ሁለት ከተማ አወጡባት፤ በምዕራብ 6ኛ ኦክቶበር፣ በምሥራቅ 10ኛ ረመዳን። «መሻገሩ» ለብቻው ኤል ዑቡር የሚባል ሌላ ከተማ ደረሰው። አባይ ላይም 6 ኦክቶበር የሚባል ድልድይ አለ። በእኛ አቆጣጠር ቢሰላ አንድ ተጨማሪ ከተማ ይወጣው ነበር፤ ዕድሉ አምልጧል። የካቲት 12 ሆስፒታል ታክሞ፣ ስድስት ኪሎ ተምሮ፣ ሃያ ሁለት የሚኖር አንባቢ በዚህ መሳቅ እንደማይገባው ጥናቱ በትሕትና ያሳስባል። የከተማዋ ሰፈሮችም በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ «የት ነህ?» ሲባል «ሰባተኛ ሐይ» የሚል ልጅ አድራሻውን ሙሉ በሙሉ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ከተማዋ በስሟ የተሰየመ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች፤ በ2011 ግዛቱ ፈርሶ ወደ ጊዛ ተመለሰች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ልጆች ከአልጋቸው ሳይወርዱ ሁለት ጊዜ ክፍለ ሀገር ቀይረዋል።

የኦክቶበር ልጅ ታዲያ ምን ይናፍቃል? መልሱ ሳይንሱን ያስደነግጣል፤ የሚናፍቀው አሸዋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ሲገቡ ፋብሪካ ነበር፣ አራት ማዕዘን የመኖሪያ ሕንፃ ነበር፣ በመካከላቸው ብዙ ምንም ነበር። መንገዱ ለወደፊት ተብሎ ሰፍቶ ተሠርቷል፤ መኪናው ግን ገና አልመጣም። ልጆች በአስፋልቱ ወርድ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጎሉ ሁለት ጡብ ነው። ጡቡን የሚሰርቁት ከግንባታ ክምር ነው፤ ማታ ይመልሱታል፤ አንዳንዴም አይመልሱትም። ከዚያ በ1996 የግል ዩኒቨርሲቲዎች ተቋቋሙ፣ በ1999 ድሪም ፓርክ ተከፈተ፣ በ2010 ሞል ኦፍ አረቢያ ከች አለ። የሶሪያ ጦርነት ሲጀምር ከደማስቆና ከሐለብ የመጡ ቤተሰቦች በሑሰሪ መስጊድ ዙሪያ የሻዋርማ ቤት ከፈቱ፤ ሻዋርማው ጣፋጭ ነው፣ ማንም አይክደውም። ከተማዋ ሞላች፤ ሰው ሁሉ ይመኝ የነበረው ሆነለት፤ ወዲያውም ማዘን ጀመረ።

እዚህ ላይ ንጽጽር ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ የፒያሳ ልጅ ዘፈንም ጽሑፍም ተርፎት አለቀሰ። የፒያሳ ልጅ የፈረሰውን ቤት ይናፍቃል፤ የኦክቶበር ልጅ ያኔ ገና ያልተሠራውን። አንዱ ባዶ ቦታ እያየ ስለ ሕንፃ ይተክዛል፤ ሌላው ሕንፃ እያየ ስለ ባዶ ቦታ። ትካዜው ሲለካ እኩል ነው። የመንግሥት ፕላን አውጪዎች ይህን ልብ ቢሉ ጥሩ ነበር፤ ሠሩም አፈረሱም ከእሮሮ አያመልጡም።

ዋናው ጉዳይ ግን አርብ ነው። አርብ በግብፅ የዕረፍት ቀን ስለሆነ አባት ሐሙስ ማታ፣ «ነገ ከጁምዓ ሶላት እንደተመለስኩ እንወጣለን» ብሎ ያውጃል። መውጫው ሰባት ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ እናት ገና ሩዙን በጎመን እየጠቀለለች ነው። ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ጫማ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ምንጊዜም የግራው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል፤ ዘጠኝ ተኩል ላይ ይመለሳል፤ ጋዙ ሳይዘጋ ቀርቷል ተብሎ ተጠርጥሯል። ጋዙ ተዘግቶ ያልተገኘበት ጊዜ በዚህ ጥናት አልተመዘገበም።

መኪናዋ በግብፁ ናስር ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ስትገጣጠም የኖረችው ፊያት 128 ናት እንበል። መሐንዲሶቹ ለአምስት ሰው አስበው ነው የሠሯት፤ አክስትን አላሰቡም። አክስት ከኋላ ትቀመጣለች፣ ድስቱ እሷ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ታናሹ ድስቱ አጠገብ ባለው ክፍተት ይገባል፤ ልጁ ትኩስ ድስት በማቀፍ ያሳለፈው ዘመን በኋላ የልጅነት ሙቀት ተብሎ ይተረካል። በቮልስ ሶደሬ የወረደ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ክፍል ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

መድረሻው የቱ ነው? የጊዛ የእንስሳት ማቆያ ሊሆን ይችላል፤ በ1891 ተከፍቶ በ2023 ለእድሳት እስኪዘጋ ድረስ የካይሮን ሕዝብ በርካሽ ሲያዝናና ኖሯል። እዚያ ያደገውንም፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በተከፈተው የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ ያደገውንም ስለ አንበሳው ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ ተኝቶ ነበር። ድሪም ፓርክ ከሆነ ደግሞ በየመጫወቻው በር የቁመት መለኪያ አለ፤ ቁመቱ ያልደረሰው ልጅ የሌሎቹን ጫማና ቦርሳ ይጠብቃል፤ ሲያድግ ስለዚያ ቀን አብዝቶ የሚያወራው እሱ ነው። ወደ ላይ የተወረወሩት ግን ዐይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የሚያስታውሱት ጥቂት ነው።

ብዙውን ጊዜ ግን መድረሻው ሣር ነው። ዛፍ ያለበት መናፈሻ ማለት አይደለም፤ በሁለት አቅጣጫ መኪና የሚበርበት አውራ ጎዳና አካፋይ ላይ ያለች ሣር። ቤተሰቡ ምንጣፉን እዚያ ይዘረጋል፣ ሻይ ከፔርሙስ ይቀዳል፣ ግብጦ ይላጣል፣ የሱፍ ፍሬ ይፈለፈላል፣ አባት ካልሲውን አውልቆ ጋደም ይላል። በበረሃ ላይ ያደገ ሕዝብ ለሣር ያለውን አክብሮት ለምለም አገር ያደገ ሰው በቀላሉ አይገባውም። ነገሩ ጣሪያ የሚደርሰው በሻም ኤል ነሲም ነው። በዓሉ የሚውለው በኦርቶዶክሱ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ስለሆነ የእኛ ሰው በዶሮና በቅቤ ተንጋሎ በሚውልበት ቀን፣ ግብፅ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ጠንቶ የሸተተ ጨው አሣ ይዞ ሣር ላይ ይወጣል። የሽታው ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥናት ይጠይቃል፤ በጎ ፈቃደኛ አልተገኘም።

የሰፈሩን ሕይወት በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ አንባቢ በቤቱ ያውቀዋልና። ጋዝ ሻጩ ሲሊንደሩን በብረት እየቀጠቀጠ ያልፋል፤ አሮጌ ዕቃ ገዢው እንደኛው ቆራሌው ማንም በማይገባው ዜማ ይጮኻል፤ አራተኛ ፎቅ ያለች ሴት ቅርጫት በገመድ አውርዳ ከታች ካለው ሱቅ ዳቦ ትጎትታለች። ገመዱ በሁለተኛ ፎቅ ሲያልፍ ከዳቦው አንዱ የሚቀንስበት ምክንያት ባይረጋገጥም የሁለተኛ ፎቅ ልጆች ዛሬም ስለዚያ ሲነሳ ርዕስ ይቀይራሉ።

በጥናቱ ሂደት ያልተጠበቀ ሌላ ዓይነት ሽርሽር ተገኘ። የኦክቶበር ልጆች ለመዝናናት ወደ ካይሮ ሲወርዱ፣ በአርድ ኤል ሊዋና በማዓዲ የሚኖሩ የሐበሻ ልጆች ደግሞ ወደ ኦክቶበር ይወጣሉ። ምክንያቱም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቢሮ ያለው እዚያ ነው። ቀኑ በቤት ውስጥ «የሲታ ኦክቶበር ቀን» ይባላል፤ ሲታ በዓረብኛ ስድስት ማለት ነው። እናት በዋዜማው ልጆቹን ታጥባለች፣ ጸጉር ትሠራለች፣ የፋሲካውን ልብስ ታወጣለች። «ነገ እንዳታዋርዱኝ» ትላለች። ዳቦ በፌስታል፣ ውሃ በላስቲክ፣ ወረቀቱ ሁሉ በፋይል ይያዛል። ጎህ ሳይቀድ ማይክሮባስ ይገባል። ወያላ ብዙ ጊዜ ስለሌለ የኋላው ሰው ሒሳብ በእጅ በእጅ ወደ ሹፌሩ ይሄዳል፣ መልሱም እንዲሁ ይመለሳል፤ መሀል የተቀመጠ ልጅ ለአንድ ሰዓት ባንክ ሆኖ ይውላል። መንገዱ 26 ጁላይ ይባላል፤ እሱም ቀን ነው። ግራና ቀኙን ሣር የለበሰ ቪላ የሚያሳይ ትልልቅ ማስታወቂያ ተደርድሯል። ልጆቹ እዚያ የሚሄዱ ይመስላቸዋል።

የሚደርሱት ሰልፍ ላይ ነው። ከሱዳን፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያ የመጡ ልጆች በአጥሩ ጥግ ተሰብስበዋል፤ እናቶች ቢሮው ስለሚሰጠው ቢጫ ካርድና ሰማያዊ ካርድ በዝግታ ሲያወሩ ልጆቹ በውሃ ላስቲክ ክዳን ኳስ ይጀምራሉ። ሲመለሱ፣ እናት ፊቷ ፈታ ካለ፣ ኩሻሪ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ኩሻሪው ነው። ይህ ጉዞ የሽርሽርን መሥፈርት ሁሉ ያሟላል፤ ንጹሕ ልብስ አለ፣ ስንቅ አለ፣ መዘግየት አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ወደ ማታ የሚያለቅስ ታናሽ አለ። እናቶች ግን ምደባውን አይቀበሉትም። ይህ የጥናቱ ውስንነት ተብሎ ይያዝ።

አንድ ጥያቄ አልተፈታም። ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዱ ሜልበርን፣ ሌላው ቶሮንቶ የደረሰላቸው ወንድማማቾች ነበሩ እንበል። በስልክ በተገናኙ ቁጥር፣ በሲታ ኦክቶበር ቀን በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ማን እንደነበር ይከራከራሉ፤ ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ፤ ሁለቱም የማስታወቂያውን ቪላ ቀለም ሳይስቱ ይናገራሉ። ጥናቱ እናትየውን ለምስክርነት ጠራ። «እናንተ ልጆች አሁንም አልተዋችሁም?» አለች። «ሁለታችሁም ጭኔ ላይ ነበራችሁ። የከፈልኩት ለአንድ ሰው ነው።»