ብርድ አምጣልን የሚሉ ሰዎች

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ጃንዋሪ ላይ ሰው ለምን እንደሚኖር የሚኖርባትም ሰው በቅጡ አያውቀውም። ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ሲነካ ሐበሻው መኪናውን ከሳሎኑ ሆኖ በሪሞት ያስነሳና ሻዩን እስኪጨርስ ያሞቃታል፤ ከዚያ ጂም ይሄዳል። እዚያም ግድግዳ ፊት ለፊት የተተከለች፣ የትም የማታደርስ ብስክሌት ላይ ወጥቶ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ይረግጣል። በዚያው ሰዓት ቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ጫካ ውስጥ ሌላ ሰውዬ አለ፤ ሽፋሽፍቱ በረዶ ቋጥሮ፣ ጢሙ ከአንገት ልብሱ ጋር ተጣብቆ፣ በዛፎቹ መሀል በጠባቧ መንገድ በብስክሌት እየተጠማዘዘ ይስቃል። ከሁለቱ ማን ጤነኛ እንደሆነ ለመፍረድ አልቸኩልም።

የጫካው ሰውዬ የሚነዳው ፋት ባይክ ይባላል፤ ጎማው 4 ኢንች ያህል ይሰፋል። ሐሳቡ የበቀለው አላስካ ውስጥ ቢሆንም ገበያውን ያስለመደው የዚሁ የሚኒሶታ ኩባንያ ሰርሊ ነው፤ ፐግስሊ የተባለውን ብስክሌት በ2005 አውጥቶ። ባለቤቱ ያን ሁሉ ዶላር ከስክሶ ወፍራም ጎማ ከገዛ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው ማስተንፈስ ነው። ጫካው መግቢያ ላይ ተንበርክኮ ጓንቱን ያወልቃል፤ ቫልቩን ጫን፣ ለቀቅ፤ ጎማውን በአውራ ጣቱ ደቆስ አድርጎ "ትንሽ ይቀረዋል" ይላል። የእኛ መኪና ጎማ ከ30 ፒኤስአይ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ይጮኽብናል፤ የእሱ ፊት የሚፈካው 5 ሲገባ ነው። ምክንያት አለው፦ የላላ ጎማ በረዶው ላይ ተዘርግቶ ይተኛል እንጂ አይሰምጥም። መሪው ላይ ደግሞ እጅ የሚገባባቸው ትልልቅ ከረጢቶች ታስረዋል። ጓንት የለበሰው ብስክሌቱ ነው ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ የጤነኞቹ ነው። የባሰባቸው በጃንዋሪ መጨረሻ ካናዳ ድንበር ላይ ወዳለችው ኢንተርናሽናል ፎልስ ይወጣሉ። ከተማዋ ራሷን "የአገሪቱ በረዶ ቤት" እያለች የምትኩራራ ናት። ከዚያ ተነስቶ 135 ማይል በጫካ የሚያስኬድ አሮውሄድ የተባለ ውድድር አለ። ተወዳዳሪው የመኝታ ከረጢትና ምድጃ ጭኖ ይነዳል፤ አንገቱ ላይም ፊሽካ ማንጠልጠል ግዴታው ነው፤ አፍ በብርድ ደንዝዞ "ድረሱልኝ!" ማለት ሊያቅት ስለሚችል። ይህን ደንብ አንብቦ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚመዘገብ ሰው መኖሩ እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ ይጋባል መሰለኝ። አምና ደጁን በአካፋ እየጠረገ ሚኒሶታን ሲራገም የከረመ አንድ ወዳጄ ዘንድሮ ፋት ባይክ ገዛ። ከዚያ ወዲህ የአየር ትንበያ የሚያየው ተገልብጦ ነው፤ "ከባድ ቅዝቃዜ" ሲባል እልል ሊል ምንም አይቀረው። በረዶው ሲለሰልስ ጎማ ቦይ እያወጣ መንገዱን ስለሚያበላሽ፣ ሙቀት ሲገባ ጫካው ለብስክሌት ይዘጋል። ፌብሩዋሪ ላይ ድንገት ፀሐይ ወጣች። ሰፈሩ በካናቴራ ደጅ ወጣ፤ ጎረቤቱ ደጁ ላይ ሥጋ መጥበስ ጀመረ። ወዳጄ ኩሽና ውስጥ አገጩን ደግፎ ተቀምጧል።

"ምነው፣ ማን ሞተብህ?" አለችው ባለቤቱ።

"ሙቀት ገባ እኮ! መንገዱን ዘጉት።"

"ታዲያ ፍሪጁ ባዶ ነው፣ ግባበት።"