«ቼንጅ» የተባለው ቃል በሚኒባስ ውስጥ ስላለው አገባብ

እንግሊዞች ቃል ቆጣቢ ናቸው። መንግሥት ሲገለበጥም፣ ለመንገድ የሚያዝ ትርፍ ሸሚዝም፣ ባለሱቁ የሚመልሰው ሳንቲምም «ቼንጅ» ነው። እኛ ለመጀመሪያው ለውጥ፣ ለሁለተኛው ቅያሪ፣ ለሦስተኛው መልስ ብለናል፤ መልስ እንዳይኖር ምክንያት ለሚሆነው ደግሞ ዝርዝር።

ይህ ጥናት የተካሄደው ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነው። ናሙናው አንድ ባለ 200 ብር ኖት ነው።

ከቃሉ የዘር ሐረግ እንነሣ። «ቼንጅ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ነው፤ የፈረንሳይኛውም አባት «ካምቢያሬ» የተባለ የላቲን ግሥ ነው፤ መለዋወጥ ማለት። ከዚሁ ግንድ ጣሊያኖች «ካምቢዮ»ን አገኙ፣ እኛም ከጣሊያኖች። እንግዲህ ሾፌሩ አንደኛውን የላቲን ልጅ በቀኝ እጁ ጨብጧል፤ ረዳቱ ሌላኛውን በጣቶቹ መሃል አጥፎ ይዟል። ሾፌሩ የያዘው ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

አገባቡ እንዲህ ነው። ተሳፋሪው «መልስ!» ሲል ረዳቱ «ቆይ፣ ይዘረዘራል» ይላል። ማን እንደሚዘረዝር፣ መቼ እንደሚዘረዝር ግሡ አይናገርም፤ የሕዝብ ጥያቄ ምላሽ ያገኛል የሚሉ መግለጫዎችም የሚረቀቁት በዚሁ ሰዋስው ነው። አንዳንዴ ረዳቱ አንድ 50 ብር ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሰጥቶ «ተካፈሉ» ይላል። በዚህ መንገድ የተጀመረ ትዳር ካለ፣ ከሠርጉ ቀጥሎ ቢያንስ አንድ መልስ ይበላል።

የናሙናችን ኖት የወጣው በ2013ቱ የገንዘብ ለውጥ ነው። ለውጡ መልስ አሳጣ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን አቤቱታ «ቼንጅ ቼንጅ አሳጣ» ከማለት በቀር ማቅረቢያ የለውም።

ታክሲና ለውጥ ግን ቀድሞም ይተዋወቃሉ። በየካቲት 1966 ቤንዚን ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዋጋውን ቀነሰ፤ አድማው ግን በሌላ ሌላው ቀጠለ። በመስከረም 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተሳፈሩ። ሒሳብ መጠየቃቸው አልተመዘገበም።

ፒያሳ ደረስን። «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ናሙናዬን ወደ ብርሃን አንሥቶ መረመረውና፣ «ፋዘር፣ ዝርዝር አልያዙም?» አለኝ።