ፋሲልን በግማሽ

«ጉብኝት የፈረንጅ ሥራ ነው» ይባላል ደባርቅ ላይ። ፋሲል የፈረንጅ ንጉሥ ነበር እንዴ?

ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ እያለ እንግዳ ሲመራ የኖረ ስንት አስጎብኚ፣ ስንት ስካውት፣ ስንት ባለ በቅሎ አለን። ራሱ እንግዳ ሆኖ ጎንደር የወረደውስ ስንቱ ነው?

«ጎንደርን መች አጣሁት፤ በየጊዜው እመላለሳለሁ» ይላል የዳባት ነጋዴ። ቅዳሜ ገበያን ነዋ የምታውቀው፣ አያ! ሲከፋም ሆስፒታሉን።

«ድንጋይ ምኑ ይታያል?» ድንጋይማ ስሜንም ሞልቷል። ከፋሲል በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ድንኳን እየነቀሉ ከሰፈር ሰፈር ዞሩ፤ እሱ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆረና መንግሥቱን በድንጋይና በኖራ ተከለ። ልጁና የልጅ ልጁ እዚያው ግቢ ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩበት። የሚታየው ይህ ነው።

«ግንቡ ላይ ወጣሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ጨረስኩ» አለችኝ ደግሞ አንዲት እህቴ። ምኑን ጨረስሽው? ቤቱን አየሽ እንጂ ባለቤቱን መች አገኘሽው! የፋሲል አጽም ያለው ጣና ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ከአፄ ዳዊትና ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ነው። ጎንደርን አይቶ ጣናን የተወ ፋሲልን በግማሽ አየ።

«ዳጋ ሴት አይገባም፤ ምን ሁኚ ትለኛለህ?» ብላ አፋጠጠችኝ። እውነቷን ነው፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ ነው። ናርጋ ሥላሴ ግን አለልሽ! በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ከደቅ ደሴት ጥግ የቆመ ክብ ቤተ ክርስቲያን። የመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል በሥዕል ነው፤ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የምታዪያቸው ሴት እቴጌዪቱ ራሳቸው ናቸው። ጎንደር ቁስቋም ላይ የፈረሰ ቤተ መንግሥታቸውን አይቶ ናርጋ የተሻገረ ሰው፣ አንዲት ሴት በየብስም በውኃም ምን እንዳቆመች ያያል። ስለ ጎንደር ዘመን አውርቶ እሳቸውን የሚዘል ሰው እኔን ያናድደኛል።

«አቴና ደርሼ ደሴቶቹን በመርከብ ዞርኩ» አለን ከውጭ የመጣው የደባርቅ ልጅ። ደግ አደረግህ፤ ያየ ሰው ያስቀናል። ግን አክሮፖሊስ ላይ ዛሬ የሚጸልይ የለም፤ ናርጋ ዛሬም ይቀደስበታል። ለዚያ ባሕር ተሻግረህ፣ ለዚህ ከጎርጎራ ጀልባ መሳፈር ከበደህ?

«ለኛ ስሜን ይበቃናል» የሚልም አለ። ኩራቱ ይገባል፤ ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሲሆን ፋሲል ግቢን በአንድ ዓመት ቀድሞታል። እዚያው ስሜን ያለችውን ደረስጌ ማርያምንስ አይተሃታል? ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አሰቧት ይባላል፤ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ግን ውቤን ድል ያደረጉት ቴዎድሮስ ናቸው።

«መንገዱስ?» ሲሉኝ ፈጣን መልስ የለኝም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዳባትም ደባርቅም በጦርነት ያዩትን አይተዋል። በቅሎውን አስሮ እንግዳ የሚጠብቀውን ሰው በቃል አላጽናናውም፤ ሰው ተሳቅቆ በሚሄድበት መንገድም ሂዱ አልልም። ሰላም የወረደ ዕለት ግን ፈረንጁን ሳንጠብቅ እኛው እንቅደም።

«እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ጀልባ እችላለሁ?» አሉኝ አንዲት እናት። እማማ፣ ሊማሊሞን በእግርዎ ወርደው የወጡ ሰው፣ ተቀምጠው የሚሻገሩት ውኃ ያቅትዎታል?