ባለመስኮቶቹ

በሚኒሶታ ጥቅምት ሲገባ አበሻ ቤት ውስጥ የመኝታ ሽግሽግ ይጀመራል። ፀሐይ የሚገባበት የደቡብ መስኮት ብርዱን ሸሽተው ከደጅ ለሚገቡት ክቡራን ተይዟል፦ በቀለም ባልዲ ለተተከለው ኮሰረት፣ ለጤና አዳሙ፣ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ለሚያኮርፈው በሶብላ። ከደብረ ብርሃን ለጥየቃ የመጡት አክስት ሶፋ ላይ ይተኛሉ፤ «እሳቸው ብርድ ያውቃሉ» ተብሎ። (ማሞቂያው ለማን እንደሚከፈት መጠየቅ ነውር ነው።) ጌሾው ስለረዘመ መታጠቢያ ቤት ደርሶታል፤ ገላውን የሚታጠብ ሁሉ ቅርንጫፉን «ይቅርታ» እያለ ገለጥ ያደርጋል። ቅጠል ሥር ተደብቃ የገባችው ነጭ ዝንብም ያለ ቪዛ ብርዱን ታሳልፋለች፤ ትዋለዳለችም። ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ሲኒ ላይ ጣል ለምትደረግ አንዲት ቅጠል ነው። ቡናው ሲቀዳ ታዲያ እንግዳው ሲኒውን በእጁ ይከድናል፦ «ለእኔ ያለ ጤና አዳም!»